ብራና ለሞተር

በውርጭ ሲነሣ ጭምት የነበረ ሞተር፣ ሰውነቱ ሲሞቅ ስለ ምን ይጮኻል? ማዕረግ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ሞላሌ ገበያ ዳር ቆሞ ይህን ጥያቄ በሆዱ ሲያመላልስ መልሱን አያውቅም ነበር። ቡልጋሪያ ሄዶ የመኪና ጥገና ተምሯል፤ እዚያው አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቷል። አገሩ ከገባ አምስት ወሩ ነው። በእነዚህ አምስት ወራት አንድ ቀን «እቀራለሁ»፣ አንድ ቀን «እመለሳለሁ» ሲል ሻንጣውን እንኳ ጨርሶ አልፈታም። ያን ዕለትም የወጣው ለእናቱ ሳሙና ሊገዛ ብቻ ነበር።

ጩኸቱ የሚመጣው ከአቶ አባይነህ መኪና ነው። አቶ አባይነህ ስድሳ አምስትን የዘለሉ፣ ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ሾፌርነት አገልግለው ጡረታ ሲወጡ አንዲት አሮጌ የቤንዚን የመስክ መኪና በጨረታ የገዙ ሰው ናቸው። ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስገጥመው ሰው ያመላልሱባታል። ዛሬም ዘጠኝ ሰዎች ለቅልቅል ወደ ደብረ ሲና ሊወርዱ ተሳፍረዋል፤ ለሙሽሮቹ የሚወሰደው ሙክት ጣሪያው ላይ ታስሯል። ደብረ ሲና የሚገባው ደግሞ በጣርማበር ቁልቁለት ነው። በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ጉም የተኛበት ገደል፣ ጥምዝ በጥምዝ ላይ። ያንን መንገድ ሲወርድ ያላማተበ መንዜ የለም።

ማዕረግ ጠጋ አለ። ሾፌሩ ወርደው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ነዳጅ መስጫውን የረገጠ ማንም የለም። ሞተሩ ግን አቀበት እንደሚወጣ ሁሉ ያጓራል።

«ጋሼ አባይነህ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የአስካለ ማርያም ልጅ አይደለህም እንዴ? ፈረንጅ አገር የነበርከው?»

«ነኝ። ሚኒሞው ከፍ ብሎብዎታል መሰለኝ።»

ሚኒሞ የሚሉት፣ እግር ሳይነካው ሞተሩ በራሱ ቀስ ብሎ የሚሠራበትን ልክ ነው።

«ከፍ ማለት ብቻ! ጠዋት ስታስነሣው ግልገል ነው። ሩብ ሰዓት ሲቆይ ጅብ ይሆናል።»

«ሰሞኑን ነክተውት ነበር?»

«ሐሙስ ካርቡሬተሩን አውርጄ በቤንዚን አጠብኩት፤ በገዛ እጄ። ካንዴላዎቹን ወለወልኩ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፍኩ። ለአንድ እጥበት ደብረ ብርሃን ድረስ ልሂድ? ሁሉንም መልሼ አስሬዋለሁ፤ አንዲት ብሎን አልተረፈችኝም።»

ከአግዳሚው ላይ ተሾመች የምትባል አፈኛ ሴት አንገቷን አወጣች። «ጋሼ፣ ቢጮኽም ባይጮኽም እንሂድ! ይህ ሙክት ሳይታረድ አርጅቶ ሊሞት ነው።»

«ቆይ አንቺ ደግሞ!» አሉ አቶ አባይነህ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለማዕረግ፣ «የሰው ዐይን ነው። ማክሰኞ ዕለት ያ ጎረቤቴ ቆሞ አፍጥጦ ሲያያት ነበር። የሚኒሞውን ብሎን እስከ መጨረሻው ፈታሁት፤ አልመለስ አለ። ምን ላድርገው? ፍሬን አለኝ፣ ማርሽ አለኝ፤ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።»

ማዕረግ ሳሙናውን ገዝቶ ወደ ቤቱ መመለስ ይችል ነበር። በመጣ በሁለተኛው ወር አንድን ሰው ስለ ጉድጓድ ውኃ መክሮ፣ «ፈረንጅ ሆነህ መጣህብን» ተብሎ አፍሮ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ምክር አልሰጥም ብሎ ነበር። አሁን ግን ዘጠኙን ሰዎች አየ፤ በመስኮቱ እጁን አስገባና ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለ።

ሙክቱ ብቻ ጮኸ።

«ምን ማድረግህ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎና ከዚያ ይቆጡኝ። ጣርማበርን ሲወርዱ መኪናውን የሚይዝልዎ ምንድን ነው?»

«ማርሽ ነዋ! ሁለተኛ አስገብቼ እግሬን አነሣለሁ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል።»

«ይህ ሞተርስ እግር ሲነሣለት ይይዛል?»

አቶ አባይነህ ዞረው ኮፈኑ ውስጥ አዩ።

«ይገፋል እንጂ አይይዝም። እርስዎ ፍሬን ይረግጣሉ፣ እሱ ይገፋል። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ፍሬኑ ይግላል። አምስተኛው ላይ ፍሬን የለዎትም።»

«አንተ ልጅ፣ በቁማችን ሙሾ ታወርድልን ጀመር?» ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «የዚያን መንገድ ጥምዝ እንደ ዳዊት በቃሌ ነው የምወጣው። ሰው ቀጥሬአለሁ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን አደርሳችኋለሁ ብያለሁ። ቁልፉን አምጣ!»

«ምክንያቱን ስናገኝ እሰጥዎታለሁ።»

«ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«አላውቅም ትላለህ፣ ቁልፌን ትይዛለህ!»

«ስለማላውቀው ነው የያዝኩት። እርስዎም አያውቁትም ጋሼ። ‹ዐይን ነው› ብለው ስም አወጡለትና ያወቁት መሰለዎ።»

ከባድ ቃል ነበረ። በዚያ አገር ሽበት ያለው ሰው በተሳፋሪዎቹ ፊት እንዲህ አይባልም፤ ማዕረግም ከአፉ እንደ ወጣ ተጸጸተ። ግን ሽማግሌው ቁልፉን በኃይል አልነጠቁም። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ነውና፣ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ የሚገፋ ሞተር ምን ማለት እንደ ሆነ እግራቸው ያውቀዋል። አእምሯቸው እምቢ ያለውን እግራቸው ሰምቷል።

«በል ፈልግ» አሉ በመጨረሻ። «ታገኝ እንደ ሆነ እናያለን።»

ማዕረግ መጀመሪያ የጠረጠረው የነዳጅ መስጫውን ገመድ ነው። «ሲገጥሙት ተወጥሮ ይሆናል፤ እግር እንደሚረግጠው አድርጎ ይዞታል» አለ በእርግጠኝነት። ገመዱን እስኪፈታ ሞተሩ በውርጩ በረደ። ሞተሩን አስነሡ። ቀዝቅዞ ስለ ነበር ጸጥ አለ፤ ማዕረግም ፈገግ አለ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ግን ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ እንደ ቀድሞው አጓራ።

«ይኸው ቡልጋሪያ!» አለች ተሾመች። «አሥራ ስምንት ዓመት ገመድ ለመፍታት!» ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ አውካካ።

የማዕረግ ጆሮ ጋለ። የኖረበት ጥርጣሬ በአንድ ጊዜ ተነሣበት፤ ምናልባት ያወቅሁት ሁሉ እዚያው የቀረ ይሆን? «ተሳስቻለሁ» አለ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማው። «ገመዱ አይደለም። ቢያንስ እሱ እንዳልሆነ አወቅን።»

«ያልሆነውን ሁሉ ስንቆጥር ሁዳዴ ይገባብናል» አሉ አቶ አባይነህ፤ እጃቸውን ለቁልፉ ዘረጉ።

በዚህ መካከል ባለቤታቸው እትዬ አመተሥላሴ ለመንገድ የሚሆን ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ደረሱ። ጩኸቱን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «ተመለሰበት? ትናንት እኮ ለቆት ነበር!»

«ምን አስለቀቀው እትዬ?» አለ ማዕረግ።

«ጸበሉ ነዋ። እሱ ከፍቶት ሲያየው፣ እኔ በስመ አብ ብዬ ረጨሁበት። ወዲያው እፎይ አለ። የአንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል ቆየና እንደገና ጮኸ።»

ማዕረግ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። መማሩን ከሚያስመሰክርባቸው ነገሮች አንዱ እንዲህ ባለው ወሬ መሳቅ ነበርና። ሳቁ ጉሮሮው ላይ ሳለ ግን አንድ ሐሳብ ያዘው፦ ሴትዮዋ አልዋሹም። ሞተሩ ጸጥ ካለ፣ ጸጥ ያለበት ምክንያት አለ።

«የት ላይ ነው የረጩት? ቦታውን ያሳዩኝ።»

«እዚህ ቆርቆሮው ላይ። ከዚያ ወደ ሥሩ ተንጠባጠበ፤ በዚህ በኩል።»

«ውኃ ይስጡኝ። የቧንቧም ይሁን የምንጭ፤ በኩባያ።»

ውኃ መጣ። ማዕረግ በጣቱ እየነከረ፣ ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ በቀኝ በኩል አንጠባጠበ። ምንም አልሆነም። በግራ በኩል፣ እትዬ አመተሥላሴ ባሳዩት ቦታ አንጠባጠበ። ሞተሩ ትንፋሹን እንደ ዋጠ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ውኃው ሲደርቅ ጮኸ። እንደገና በቀኝ፤ ምንም። እንደገና በግራ፤ ዝቅ አለ።

ከመኪናው ላይ የሚስቅ ጠፋ።

«ተራ ውኃ ነው?» አሉ አቶ አባይነህ።

«ተራ ውኃ ነው። ጸበሉን አላማሁትም ጋሼ፤ መንገዱን ያሳየን እሱ ነው። ዐይን ቢሆን ግን ቀኝና ግራ አይመርጥም ነበር። በዚህ በኩል ክፍተት አለ። ሞተሩ በመስኮት እንደሚገባ ሌባ፣ በበሩ ያልገባ አየር ይስባል፤ ለዚህ ነው የሚሮጠው። ውኃው ክፍተቱን ለአፍታ ይደፍነዋል። የሚኒሞውን ብሎን ቢፈቱት፣ ቢፈቱት የማይመለሰውም ለዚህ ነው። እርስዎ በሩን ይዘጋሉ፣ አየሩ በመስኮት ይገባል። ከዚህ ሥር ምን አለ?»

«ጋርኒሽኑ ነው» አሉ ሽማግሌው። ጋርኒሽን በሁለት ብረት መካከል ገብቶ አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው ስስ ነገር ነው።

«አዲስ ነው?»

«አሮጌው ሳወርደው ተቀደደ።»

«አዲሱን ከየት አገኙት?»

አቶ አባይነህ ወደ መሬት አዩ፤ ከዚያ በኩራት ቀና አሉ። «እኔው ቆረጥኩት። ከብራና። አባቴ ብራና ፋቂ ነበር፤ የፋቀው የፍየል ብራና እስከ ዛሬ ሣጥኔ ውስጥ አለ። ቁም ነገር ንገረኝ ካልከኝ፣ የእናንተ የፋብሪካ ወረቀት ስንት ዓመት ይኖራል? የአባቴ ብራና ላይ የተጻፈው መጽሐፍ እኔንም አንተንም ይቀብራል!»

«እውነትዎን ነው። በዕድሜ ከሆነ ብራናው ያሸንፋል» አለ ማዕረግ። መከራከር ሳይሆን መጠየቅ ብቻ እንደሚበጅ ገባው። «አባትዎ ብራናውን የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

«ግድግዳ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ።»

«ከምድጃ አጠገብስ?»

ሽማግሌው እንደ ልጅ በቀጠነ ድምፅ፣ «አንድ ጊዜ ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ የተፋቀ ብራና እሳት ዳር ጥዬ ሄድኩ። ስመለስ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ተጨማትሮ ግማሹን አክሏል። አባቴ ገረፈኝ። ‹ብራና እሳት አይወድም› አለኝ» አሉ።

«ውኃ ሲነካውስ?»

«ይለሰልሳል። ይነፋል።» እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ሲሞቅ ይኮማተራል፤ ሲረጥብ ይነፋል። እኔው ነኝ! ከአባቴ የተማርኩትን ረስቼ፣ ብራናን እሳት ላይ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ጎረቤቴን በከንቱ አማሁት።»

ካርቡሬተሩን ትኩሱን በጨርቅ ይዘው ፈቱት። ብራናው ጠቁሮ፣ በግራ በኩል ከብሎኑ ቀዳዳ ሸሽቶ፣ ጠርዙ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ትቷል። አቶ አባይነህ መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። ከዚያ ዐይናቸውን ከሰው አሽሽተው ወደ ጣርማበር መንገድ አፈጠጡ። ማዕረግ ኀፍረት መሰለው።

«ፈሪድ» አሉ ሽማግሌው።

«ማን ነው ፈሪድ?»

«የሸዋ ሮቢቱ ነጋዴ። መኪናው የኔኑ ዓይነት ነው። ትናንት ማታ የሱም ካርቡሬተር አየር ሲስብ፣ ከዚሁ ብራና ቆርጬ ገጠምኩለት። ‹አባቴ ነዎት› ብሎ ግንባሬን ስሞ ሄደ። ዛሬ ሲነጋጋ ገብስ ጭኖ ወጥቷል። በጣርማበር ነው የሚወርደው።»

ሁሉም በልቡ መንገዱን ለካ፤ ሲነጋጋ የወጣ ሰው አሁን የት ይሆናል?

ከሞላሌ መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነበር፤ ከመብራቱ ጋር ስልኩም ሄዷል። ኔትወርክ የሚገኘው በጣርማበር መንገድ በመኪና ግማሽ ሰዓት ሄደው ከፍታው ላይ ሲወጡ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይህች መኪና መሄድ አለባት። ማዕረግ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠ። ባለ ወፍጮው ዓምደ ሚካኤል ለናፍጣ ሞተሩ ያስቀመጠው የጋርኒሽን ወረቀት ነበረው፤ ነገሩን ሲሰማ ዋጋ እንኳ ሳይጠራ ለሁለት መኪና የሚበቃ ቀድዶ ሰጠው። ማዕረግ በምላጭ ቆረጠ፣ ብረቱን ጠረገ፣ ገጠመ፣ ብሎኖቹን ተራ በተራ አጠበቀ፣ ቀድሞ የፈታውን የነዳጅ መስጫ ገመድና የሚኒሞውን ብሎን መለሰ። ሞተሩ ተነሣ፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነበር።

«ይግቡ፣ እንሂድ!» ብሎ ኮፈኑን ሊዘጋ እጁን ሰነዘረ።

አቶ አባይነህ እጁን ያዙት። «አንሄድም።»

«ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ...»

«ጠዋትም ጸጥ ብሎ ነበር የተነሣው! ይህ ሞተር ቀዝቅዞ ሳለ አይታመንም። ሩብ ሰዓት ይሙቅ። አንድ ነፍስ አድናለሁ ብዬ ዘጠኝ ነፍስ አልጨምርበትም።» ዐይናቸው እንባ አዝሏል፤ እጃቸው ግን አለቀቀም። «አሁን ያስተማርከኝን አሁኑኑ አታስረሳኝ።»

ማዕረግ አፈረ። ቁልፉን ያልሰጠው እሱ ነበር፤ አሁን የሚያጣድፈውም እሱ ሆነ። ዕውቀት አለኝ የሚል ሰው፣ ልቡ ሲደነግጥ ዕውቀቱን ጥሎ እንደሚሮጥ ያን ጊዜ በራሱ አየ። አጠገባቸው ቆሞ ጠበቀ። ያ ሩብ ሰዓት በሕይወቱ ከጠበቃቸው ሰዓቶች ሁሉ ረዘመበት።

ሽማግሌውም ዝም ብሎ መቆም ስላልቻሉ ለተሳፋሪዎቹ መናገር ጀመሩ። «ስሙኝ። ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ ልገድላችሁ ነበር። ከእንግዲህ አንድ ነገር ስፈታ፣ ምን እንደ ፈታሁና በምን እንደ ተካሁት በወረቀት እጽፋለሁ፤ ሐሙስ ዕለት ጽፌው ቢሆን ዛሬ ጠዋት ‹ብራና› የሚለውን ራሴ አነበው ነበር። አሮጌውን ዕቃ ከአዲሱ ጋር ሳላስተያይ አልጥልም። ከነካሁት በኋላ አሙቄ፣ ባዶውን ነድቼ ሳላይ ሰው አልጭንም። ይህ ቤንዚንም ያድናል፣ ፍሬንም ያድናል፣ ከሁሉ በላይ የሰው ልጅ ያድናል። ጎረቤቴንም በዐይን ከመጠርጠር ያድነኛል፤ ስመለስ መጀመሪያ የምሄደው እሱን ይቅርታ ልጠይቅ ነው።»

«እኔም እርስዎን ይቅርታ» አለች ተሾመች ማዕረግ ፊት ቆማ። እሱን እርስዎ ማለቷ ነበረ፤ ያሾፈች መስሎት ቀና ሲል ግን አላሾፈችም።

ሩብ ሰዓቱ አለፈ። ማዕረግ ውኃ በቀኝም በግራም አንጠባጠበ። ሞተሩ አልተለወጠም፤ ሞቆ፣ በእኩል ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ ይሠራል። አቶ አባይነህ አማተቡና መሪውን ያዙ። ማዕረግ አጠገባቸው ተቀመጠ።

በጣርማበር መንገድ ግማሽ ሰዓት ነዱ። ከፍታው ላይ ደርሰው ሲቆሙ ነፋሱ መኪናዋን ይመታት ነበር። የአቶ አባይነህ ስልክ ነቃ። ደወሉ፤ የቴሌዋ ሴትዮ በተቀዳ ድምፅ፣ የደወሉላቸው ሰው ለጊዜው እንደማይገኙ ነገረቻቸው። እንደገና ደወሉ፤ እንደገና ነገረቻቸው።

«ጻፍልኝ» አሉ አቶ አባይነህ። እሳቸው በስልክ መጻፍ አይችሉበትም። ዐይናቸውን መንገዱ ላይ ተክለው ቃል በቃል አስጻፉት፦

«ፈሪድ ልጄ፣ አባይነህ ነኝ። የሰጠሁህ ብራና ስሕተት ነው፤ ሲሞቅ ይኮማተራል፣ ሞተሩም ይገፋሃል። ጥፋቱ የኔ ነው። ቁልቁለቱን አትውረድ። ካለህበት ቁም፤ ጋርኒሽን ይዘን እየመጣን ነው። ይህን እንዳየህ መልስልኝ።»

ማዕረግ ላከው። ስልኩ መልእክቱ መሄዱን አሳየ። አቶ አባይነህ ሞተሩን አላጠፉትም፤ ከበታቻቸው በዝግታ ይሠራል፤ እንዲያ ዝቅ ብሎ ሲሠራ ስልክ ቢጮኽ ከኋላ የተቀመጠው ሰው እንኳ ይሰማው ነበር። አሥራ አንዱም ጆሯቸውን ወደ ማዕረግ መዳፍ ሰጡ።

መልስ አልመጣም። ቁልቁለቱን ሲወርዱ አምስተኛው ጥምዝ ላይ ገብስ ወደ ገደሉ ተበትኖ አዩ፤ መልሱ ያን ዕለትም፣ ከዚያ በኋላም አልመጣም።